የደስታው ካምቢዮ

አሰብ ውስጥ ውድነህን የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። ከወደቡ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀና መኪና አንድ ነገር ካንኳኳበት መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ጋራዥ ደጃፍ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቃል የሚቆጥብ የደሴ ሰው ነበር። ሞተር ሲፈታ ያፏጫል፤ ሰው ሲያናግረው ፉጨቱን ያቆማል እንጂ ብዙም አይመልስም። ሚስት አላገባም። አባትና እናታቸው ቀድመው ስላለፉ ታናሽ ወንድሙን ደስታውን ያሳደገው እሱ ነው። መንዳትም ያስተማረው እሱ ነው።

ከግቢው ጥግ፣ የባሕሩ ነፋስ አሸዋ በሚከምርበት በኩል፣ ፊቱ የተጨፈለቀ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ቆሞ ነበር፤ ያ ወፍራም ብረት የለበሰው የጣሊያን ጊዜ የጭነት መኪና። የደስታው መኪና ነው። ደስታው ቡና ጭኖ ወደ ወደብ ሲወርድ ከባቲ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ መኪናው አመለጠውና ገደል ገባ። እሱም፣ ረዳቱ በቀለም እዚያው ቀሩ።

ፖሊሶች ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «በፎሌ ሲነዳ ነው» አሉ። ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መልቀቅ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ለወጣት ሾፌር ደግሞ ልብ ያሞቃል፣ ያ ሁሉ ብረት እንደ ወፍ ሲበር። ፍሬኑ ከጋለ ግን የሚይዘው የለም። ውድነህ ይህን ሲሰማ የፖሊሱን ኮሌታ ሊይዝ ተነሥቶ ሰው መለሰው።

«ወንድሜን ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ፎሌ አይነዳም። ማርሹ ተፍቶበት ነው!»

ያለው ነገር የሚሆን ነው። ማርሾቹ ሁሉ ያሉበት የብረት ሣጥን፣ ካምቢዮ የሚሉት፣ ሲያረጅ የገባውን ማርሽ በራሱ ጊዜ ይተፋል። ሾፌሩ ምንም ሳያጠፋ መኪናው ፎሌ ሆኖ ያርፈዋል።

ለበቀለ ሚስት ለአባይነሽም ያላት ይህንኑ ነው፤ ገና ለቅሶው ላይ፣ እጇን ይዞ። አባይነሽ ከባሏ ሞት በኋላ ወደ ዘመዶቿ አልተመለሰችም። የጋራዡን አጥር አስደግፋ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ሾፌሮቹ መኪናቸው እስኪሠራ እሷ ዘንድ ይቀመጣሉ። ሊያጽናናት የሚሞክር ሲመጣ «እኔን ሰው አልበደለኝም፤ ብረት ነው የበደለኝ» ትል ነበር። ይህች አባባል ናት ያቆመቻት። ከውድነህ ጋርም እንደ እኅትና ወንድም ሆኑ።

ስብርባሪውን ከገደል ያስወጣው ውድነህ ራሱ ነው። «ካምቢዮውን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ» ብሎ ነበር። የማርሹ ዱላ በግጭቱ ከሥሩ ስለተቆረጠ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነካካው አልቻለም፤ ውስጡ ያን ዕለት እንደነበረ ነው። ማርሽ ገብቶበት ከሆነ እንደገባ፣ ፎሌም ከሆነ ፎሌ። ግን አልከፈተውም። ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት ሄዱ። ከዚያ መኪና ብሎን እንኳ ሊገዛ የመጣን ሰው እየተቆጣ ይመልሳል። ለምን እንደማይከፍተው ለራሱም ነግሮት አያውቅም።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ የጥር ጠዋት፣ ቸሩ የሚባል ሽማግሌ ሾፌር መኪናውን አስጎትቶ ግቢው ገባ።

የቸሩም መኪና ትሬንታ ኳትሮ ናት። አሰብ ውስጥ ከደስታው ሌላ የዚያ ዓይነት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። የጭነት አካሏ ተነሥቶ በቦታው የእንጨት ቤት ተሠርቶባታል፤ ሁለት አልጋ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ ምድጃ፣ መስኮት ከነመጋረጃው። ሕዝቡ «ጎጆ» ይላታል። ሲስተር እቴናት የምትባል ከጎንደር ተመድባ የመጣች ነርስ በጎጆ እየዞረች የባሕሩን ዳርቻ መንደሮች ታክም ነበር። መንገድ ላይ ሲመሽባቸው እሷ ከኋላ፣ ቸሩ ጋቢናው ውስጥ ያድራሉ።

ሲስተር እቴናት መኪናዋ ሳትቆም ወረደች።

«ጋሼ ውድነህ፣ ዒድ መንደር ኩፍኝ ገብቷል። ትናንት በፖሊስ ሬዲዮ ነው የሰማነው። ኩፍኙ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። ልጆቹ መተንፈስ አቅቷቸዋል አሉ።»

«በጀልባ ቢሄዱስ?»

«ነፋሱን እያዩት! ማን ይወጣል? ሁሉንም ለመንኳቸው።»

የአውራጃው ላንድሮቨር ደግሞ በሌላ ሥራ ከከተማ ወጥቷል። ውድነህ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ጎጆ ሥር ገብቶ የካምቢዮውን ዘይት አፈሰሰው። ከዘይቱ ጋር የማርሽ ጥርስ ወጣ፤ ፍርክስክስ ያለ፣ እንደ ተሰበረ ሸክላ። መዳፉ ላይ ይዞ ለቸሩ አሳየው።

«ይሄ አብቅቶለታል፣ ጋሼ ቸሩ። ከአስመራ ይምጣ ብንል እንኳ ሳምንታት ነው።»

ቸሩ አንድ ጊዜ ወደ ግቢው ጥግ አየና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ሲስተር እቴናት ግን ለከተማው አዲስ ናት፤ ነገሩን አታውቅም።

«ያኛውስ?» አለች በጣቷ እያመለከተች። «አንድ ዓይነት አይደሉም?»

«እሱ አይነካም» አለ ውድነህና ፊቱን አዞረ።

ቸሩ ክንዷን ይዞ ወደ አጥሩ ወስዶ በለሆሳስ ነገራት። ተመልሳ ስትመጣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ሐዘን እንዳለብዎት አላወቅሁም፤ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አይሠራም ነው፣ ወይስ አይነካም?»

«አላውቅም» አለ ውድነህ።

የዚያን ጊዜ ነው ዓመታት ሲሸሸው የኖረው ነገር መንገድ ዘግቶ የቆመበት። ካምቢዮው ጥርሱ ረግፎ ወይም አብቅቶለት ማርሽ የሚተፋ ከሆነ ደስታው ንጹሕ ነው፤ ለዒድ ልጆች ግን አይሆንም። ደህና ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ሐኪም ያገኛሉ፤ ደስታውም በቀለን የገደለ ሰው ይሆናል። ሁለቱ አብረው አይገኙም። ምን እንደሚመኝ ጠፋው። መፍቻውን አንሥቶ ወደ ጥጉ ተራመደ።

አባይነሽ ከአጥሩ ማዶ አይታው ወጣች።

«ልትከፍተው ነው?»

«አዎ።»

«እሰይ!» አለች እጇን በነጠላዋ እየጠራረገች። «ይቺን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሁን እንኳ ይፈሩ፣ እነዚያ ውሸታሞች!» ደስ ብሏት አጠገቡ ቆመች። እሷ እንዲህ ከምትቆም ቢላ ቢሰካበት በቀለለው።

ጨውና አሸዋ የበላውን ብሎን እየደበደቡ፣ በዘይት እያራሱ፣ አንዳንዱን በመጋዝ እየቆረጡ ካምቢዮውን ከስብርባሪው አላቀቁት። እንደ ወይፈን የከበደውን ሣጥን በእንጨት ላይ እያንሸራተቱ ወደ ጋራዡ አስገቡት። ነፋሱ በርትቶ ነበር። ውድነህ በሩ ላይ ሸራ ጋረደ።

«አሸዋ እንዳይገባበት ውጭ ቆዩልኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ለካምቢዮ ከአሸዋ የከፋ ጠላት የለም። ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም።

ብቻውን ሆኖ ክዳኑን ፈታ። የመጨረሻው ብሎን ከወጣ በኋላ እጁን ክዳኑ ላይ ጭኖ ቆመ። እግዚአብሔርን ሊለምን አሰበ፤ ምን ብሎ እንደሚለምን አላወቀም። አነሣው።

ዘይቱ ረግቶ እንደ ማር ወፍሯል። በጨርቅ ጠረገው። ጥርሶቹ ምሉዕ ናቸው፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተሸረፈ። ማርሾቹን የሚገፉት ሹካዎች በሙሉ መሐል ላይ ቆመዋል። ምንም ማርሽ አልገባም። ፎሌ ነበር።

«ተፍቶ ሊሆን ይችላል» አለ ለራሱ። ማርሽ እንዳይወጣ የሚይዙትን ጥይት የሚያህሉ ኳሶችና ሞላዎቻቸውን አውጥቶ አንድ በአንድ በጣቱ ተጫናቸው። ሞላዎቹ ጣቱን መልሰው ገፉት፤ ሕያው ነበሩ። መልሶ ገጠማቸውና በብረት ዘንግ አንዱን ሹካ ገፋ። ማርሹ ቀጭ ብሎ ገባ። ሊያወጣው ጎተተ፤ እንቢ አለው። እንደገና ጎተተ። ይህን ያህል ጠንክሮ የሚይዝ ካምቢዮ በሕይወቱ ጥቂት ነው ያየው።

ፊቱን በዘይታም እጁ ሸፈነ። ደስታውን ጋቢና ውስጥ አየው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲስቅ፣ በቀለ ከጎኑ «ኧረ ተው!» ሲል።

«እንዴት ነው?» አለች አባይነሽ ከሸራው ውጭ። «ተሰብሯል አይደል?»

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣበት። ክዳኑን መልሶ «ተሰብሯል» ቢልስ? ማን ከፍቶ ያያል? አባይነሽ እንደ ተጽናናች ትኖራለች፤ የደስታው ስም ይጠራል፤ ፖሊሶቹ ያፍራሉ። ዒድ ሩቅ ነው። እዚያ የሚሞተውን ልጅ እሱ አያየውም፤ እናቱ ስትጮህ አይሰማም። መዶሻ እንኳ አጠገቡ ነበር፤ አንድ ጥርስ ለመስበር አንድ ምት ይበቃል። እጁ ወደ መዶሻው ሄደ። እጀታውን ጨበጠ። ያዘው።

ከውጭ ቸሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሲስተር እቴናት ምንም አላለችም። አለማለቷ ነው ያቃጠለው። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ምናልባት ይዋሽ ነበር።

መዶሻውን አስቀመጠው። «ደህና ነው» አለ። «ደህና ነው። ይሠራል።»

ሲስተር እቴናት «ተመስገን!» ስትል ሰማት። አባይነሽም «ተመስገን» አለች ስለ ልጆቹ ብላ፤ የመኪና ነገር ስለማታውቅ የተሰበረውን ጠግኖት መሰላት። ቸሩ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነው። ሸራውን ገለጥ አድርጎ ውድነህን አየው፤ ባርኔጣውን አወለቀና ሸራውን መልሶ ለቀቀው።

ካምቢዮውን ጎጆ ላይ መግጠም ከማውጣቱ የባሰ ነበር። ከሣጥኑ አፍ የወጣው ጥርሳም ዘንግ ፍሪሲዮኑ መሐል ካለው ቀዳዳ ልክ መግባት አለበት፤ የፀጉር ያህል ከተዛነፈ አይገባም። ውድነህ በጀርባው ተኝቶ ያስተካክላል፤ ቸሩ በክሪክ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለቱ ሴቶች ሣጥኑ የታሰረበትን፣ በጋቢናው ወለል በኩል ያለፈውን ገመድ ይዘዋል። የአሰብ መሬት ከላይ ጨው ከታች አሸዋ ነው። ክሪኩ ሥር ሳንቃ ቢያነጥፉም ሳንቃው ቀስ በቀስ ይሰምጥ እንደነበር ማንም ልብ አላለም።

«ትንሽ ከፍ... አሁን ቁም!» አለ ውድነህ። በዚያው ቅጽበት ሳንቃው ጮኸ፤ ክሪኩ ዘመመ፤ ሣጥኑ በአንድ ጎኑ ደረቱ ላይ ወረደ።

አየር ጠፋው። መጮኽም አልቻለም። ቸሩ ክሪኩን ሊያቀና ሲታገል፣ ሲስተር እቴናት ገመዱ መዳፏን እየላጣት «ሳቢ! እንዳትለቂ!» ስትል፣ አባይነሽ እግሯን ከጋቢናው በር ጋር አጣብቃ ሙሉ ክብደቷን ወደ ኋላ ስትጥል ይሰማዋል። ሣጥኑ ከደረቱ ጥቂት ተነሣ፤ አንድ ትንፋሽ አገኘ። «እኔ እያለሁ ሌላ ሰው አይወስድም!» ትላለች አባይነሽ ጥርሷን ነክሳ፣ ለብረቱ። «አንዱን በልተሃል፤ ይበቃሃል!»

ያቺ ቃል ከሣጥኑ ይልቅ ከበደችው።

ቸሩ ድንጋይ አስገብቶ ክሪኩን አቀናው። «ውጣ!» አለው። ውድነህ ግን አልወጣም። በዚያ ግርግር ሣጥኑ ሲነሣ ዘንጉ ከቀዳዳው ጋር ፊት ለፊት መጥቶ ነበር። በሁለት ጉልበቱ ደግፎ በጠቅላላ ሰውነቱ ገፋው። ሸርተት ብሎ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ብሎኑ ሁሉ ጠብቆ፣ ዘይት ተሞልቶ፣ አዲስ የማርሽ ዱላ ተበይዶ ጎጆ ተነሣች። ውድነህ ደረቱን በጨርቅ ጠፍሮ መሪው ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አለው ቸሩ።

«ይሄ ካምቢዮ ቁልቁለት ላይ አልተፈተነም፣ ጋሼ። ሳልፈትነው ለሰው አልሰጥም።»

ይህም እውነት ነው። ደግሞም ተስፋው ገና አልሞተም ነበር። ቆሞ የማይተፋ ካምቢዮ ሸክም ይዞ ሲወርድ የሚተፋበት ጊዜ አለ።

ወደ ዒድ የሚወስደው መንገድ፣ መንገድ ከተባለ፣ አንዴ አሸዋ አንዴ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ነጭ አረፋ የሚተፋ ባሕር። ጎጆ እያቃሰተች ሄደች። ከቀትር በኋላ አንድ የድንጋይ ጋራ ጫፍ ደረሱ። ወደ ደረቅ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት ነበር፤ ጠባብ፣ አንዱ ጎኑ ገደል። ውድነህ መኪናዋን አቆመ።

«ሁለታችሁም ውረዱና በእግር ኑ።»

ሲስተር እቴናት ቸሩን አየችው። ቸሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የመድኃኒት ሣጥኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደች።

ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ለቀቃት። ጎጆ ወደ ፊት ተንጋደደች፤ ከኋላ ዕቃው ተንኳኳ፤ ክብደቷ ሁሉ ካምቢዮው ላይ ተጫነ። ሞተሩ አጓራ። ጥንቁቅ ሾፌር እንዲህ ባለ ጊዜ ዱላውን በእጁ ይዞ ይደግፋል። ውድነህ እጁን አነሣ። መሪውን ብቻ ይዞ የዱላውን ራስ እያየ ወረደ።

«ትፋ» አለ።

ዱላው ተንቀጠቀጠ። ልቡ አብሮት ዘለለ። የፊት ጎማዋ ድንጋይ ላይ ወጥታ ዘጭ ስትል መኪናዋ በሙሉ ተናጠች። ገደሉ ከመስታወቱ ሥር አለ። ቢተፋ ይሞታል፤ ያውቀዋል። «ትፋ እንጂ! ስለ እኔ ትፋ!» ብሎ ጮኸ።

አልተፋም። እንደ ያዘ፣ እንደ ቆነጠጠ፣ እስከ ወንዙ አሸዋ ድረስ አወረደው።

ሲስተር እቴናት ስትደርስበት ግንባሩን መሪው ላይ ጥሎ ትከሻው ይርገፈገፋል። ከጎኑ ተቀምጣ ጠበቀችው። ቸሩ በሌላው በር ገብቶ «ዞር በል፣ ልጄ፤ አሁን እኔ ልንዳ» አለው።

ዒድ ሲደርሱ የተቀበሩ ልጆች ነበሩ። ያልተቀበሩት ይበልጣሉ። ሲስተር እቴናት የባሱትን ጎጆ ውስጥ እያስተኛች መርፌ ወጋች፤ ውድነህ ከምድጃው ሳይለይ ውሃ ሲያፈላ፣ ሲያቀዘቅዝ፣ በማንኪያ ሲያጠጣ ሰነበተ። የአፋር እናቶች ቋንቋውን ባያውቁም ልጆቻቸውን እጁ ላይ ያስቀምጡለት ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ትኩሳቷ የበረደላት ጭኑ ላይ ተኝታ ነው። እንዳትነቃበት እግሩ እስኪደነዝዝ አልተነሣም።

ተመልሶ አሰብ እንደገባ ሳይታጠብ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። ሰው አልነበረም።

«አባይነሽ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ካምቢዮው ደህና ነው ያልኩሽ... ድሮም ደህና ነበር። ማርሽ አልተፋም። ፎሌ ነበር የሚነዳው። በቀለን ብረት አልገደለውም።»

ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም። እፈራ ነበር።»

«ለምን ነገርከኝ ታዲያ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በሰላም እኖር አልነበር? አሁን ማንን ልጥላ? አፈር የበላውን ነው?»

«እኔን።»

«ውጣልኝ!»

እንዳለውም ጠላችው። ሾፌሮቹን ታስተናግዳለች፤ እሱ በደጇ ሲያልፍ ፊቷን ታዞራለች። ዐቢይ ጾም ገብቶ አለቀ፤ አላናገረችውም። እሱም ይቅርታ እየለመነ አላስቸገራት። የስብርባሪውን ብሎንና ባሌስትራ ለፈለገ ሁሉ መስጠት ጀመረ፤ የግቢው ጥግ ባዶ እየሆነ ሄደ። ሥራ ላይ ማፏጨቱን ግን ተወ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጋራዡ ተዘግቶ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ አባይነሽ አዲስ ነጠላ ለብሳ የአጥሩ በር ላይ ቆመች። ዓይኗ ማልቀሷን ይናገራል።

«ና እንጂ» አለች በመጨረሻ፣ ቁጣዋ ከድምፅዋ ሳይወጣ። «ብቻህን ልትፈስክ ነው?»

ውድነህ ተነሥቶ እጁን ለመታጠብ ሄደ። የካምቢዮ ዘይት ከጥፍር ሥር ቶሎ አይለቅም። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።